የሠርግ ዝግጅት የፍቅር ፊልም ለቴሌቪዥን፣ ባሕር ዳር ላይ፦ ስክሪፕቱ የት ላይ ይላላል?

ግዮን

ሰላም ለዚህ ቤት። ለበዓል የሚሆን የ90 ደቂቃ አንድ ወጥ ፊልም ስክሪፕት ሁለተኛ ረቂቁ አልቋል። ባጭሩ፦ ሠርግ አዘጋጇ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ትመጣለች፤ የሙሽራው አንደኛ ሚዜ ጀልባ ያለው የከተማው ልጅ ነው፤ በዝግጅቱ መሀል ይጋጫሉ፣ ይግባባሉ፣ ይዋደዳሉ። ሠርጉ ጥር ውስጥ ነው። የቀረጻ ቀን 15 ብቻ። ዋና ዋና ትዕይንቶቹ ኬክ ቅምሻ፣ አበባ መረጣ፣ የቬሎ ልኬት፣ የጢስ ዓባይ ሽርሽር፣ ታንኳ ላይ ሆነው ፀሐይ ጣና ውስጥ ስትጠልቅ የሚያዩበት፣ ክብራን ገብርኤል ደሴት ላይ እጅ ለእጅ የሚያያዙበት፣ መጨረሻ ላይ መሳሳም። 70ኛው ደቂቃ ላይ እሱ ስልክ ሲያወራ ሰምታ በተሳሳተ መንገድ ትረዳውና ጥላው ትሄዳለች። ምን ይቀየር? ሙገሳውን ለሌላ ጊዜ አቆዩልኝ።

ኤዲተሩ

ከቅርጹ እንጀምር። ይህ ዓይነት ፊልም አሜሪካ ውስጥ እንደ ሆልማርክ ባሉ ጣቢያዎች የታወቀ ልክ አለው። ለ2 ሰዓት የሥርጭት ጊዜ ፊልሙ ራሱ 84 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ቀሪው ማስታወቂያ። ዘጠኝ ክፍል ይሆናል፤ የመጀመሪያው ክፍል ከሁሉም ይረዝማል፤ ተመልካቹ ሰዎቹን ሳይለምድ ማስታወቂያ እንዳይገባበት ነው። ቀረጻውም አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ሳምንት ውስጥ የሚያልቅ፣ 15 የሥራ ቀን ገደማ ነው። ልክ እንዳንቺው። ሒሳቡን ሥሪው፦ በቀን 6 ደቂቃ የሚጠጋ ያለቀለት ፊልም ማውጣት አለብሽ። ያ ማለት በቀን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ መዛወር ቢበዛ አንድ ጊዜ ነው። ጢስ ዓባይ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፣ ደሴቱ በጀልባ ነው፣ ታንኳው ደግሞ ራሱን የቻለ ቀን ይፈልጋል። ሦስቱ ብቻ ከፊልሙ አንድ አምስተኛውን ቀን ይወስዳሉ፤ የሚሰጡሽ ግን 8 ደቂቃ ቢሆን ነው።

ሌላው፣ አማርኛ ስክሪፕት በገጽ አይለካ። አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ የሚባለው ልክ ለሌላ ፊደልና ለሌላ አጻጻፍ የተሠራ ነው። የሽማግሌ ምርቃት ወረቀት ላይ ሦስት መስመር ነው፤ ሲነገር፣ ተቀባዩ «አሜን» እያለ፣ ደቂቃ ይበላል። ተዋንያኑን አስቀምጠሽ ሰዓት ይዘሽ አስነብቢ።

ዋናው ግን ኬኩ ነው። በእነሱ ፊልም ኬክ ቅምሻ የሚሠራው ሁለቱ ሙሽሮች ራሳቸው የሚወስኑት ነገር ስለሆነ ነው። እኛ ጋ ኬኩ ቢቀየር ማን ይከፋዋል? ማንም። ትዕይንት የሚቆመው ስሕተቱ ሰው ፊት የሚያሳፍር ሲሆን ነው። ድግስ ውስጥ የሚያሳፍረው ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው እዚህ አለ፣ ይንገርሽ። የ70ኛው ደቂቃ የስልክ ነገር ደግሞ ከቱርክ ድራማ ተመልካቹ ጠግቦታል፤ በ«አልሰማሽም እንዴ» የሚፈታ ጠብ ጠብ አይደለም።

ዲያቆኑ

እህቴ፣ «ጥር» ብለሽ አትተዪው። ሠርጉ በየትኛው ዓመት እንደሆነ ወስኚ፤ የፊልምሽ ሰዓት እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ከጥምቀት (ጥር 11) እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ጊዜ በየዓመቱ ይለያያል፤ ጾሙ ከፋሲካ ጋር ስለሚወጣና ስለሚወርድ። በ2018 ዐቢይ ጾም የገባው የካቲት 9 ሰኞ ነው፤ ከጥምቀት በኋላ የነበሩት እሑዶች 4 ብቻ ናቸው፦ ጥር 17፣ ጥር 24፣ የካቲት 1፣ የካቲት 8። የመጨረሻው ቅበላ ነው። በ2019 ግን ጾሙ የካቲት 29 ይገባል፣ እሑዶቹ 7 ይሆናሉ። የመጀመሪያው ዓይነት ዓመት ለፊልም ይሻላል፤ ድንኳን አከራዩም፣ ወጥ ሠሪዋም፣ ቄሱም በአራት እሑድ ውስጥ ይሻማሉ። ቀን ቢበላሽ ቀጣዩ ዕድል ከፋሲካ በኋላ ነው፣ ሚያዝያ። ይህን ለተመልካች ማስረዳት አያስፈልግሽም፤ የሙሽራዋ አባት «ከቅበላ ካለፈ እኔ የለሁበትም» ካለ በቂ ነው።

መሀል ላይ የነነዌ ጾም አለ፤ ሦስት ቀን፣ ሁልጊዜ ከሰኞ እስከ ረቡዕ። በ2018 ከጥር 25 እስከ 27 ነበር። ረቡዕና አርብንም አትርሺ። አርብ ቀን የሥጋ ወጥ የሚቀመስበት ትዕይንት ካለ ጎጃም ውስጥ ያለች እናት ሁሉ ስልክ ታነሣለች።

ተክሊል ከሆነ፦ ሥርዓቱ ከቅዳሴ ጋር ነው፣ ጠዋት፤ ሙሽሮቹ ይቆርባሉ። ስለዚህ ጠዋት ሲበሉ፣ ቡና ሲጠጡ እንዳይታዩ። ካባና አክሊል ይደረግላቸዋል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መብራት ተክሎ መቅረጽ የሚታሰብ አይደለም፤ ከሰበካ ጉባኤው ፈቃድ አግኝተሽ ሲወጡ ከቅጥሩ በር ላይ መቅረጽ ለታሪኩም ይበቃል።

ባለደንገል

ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም። ዳጋ እስጢፋኖስም እንዲሁ። እጅ ለእጅ መያያዙ ቀርቶ እሷ ከጀልባው ወርዳ ገዳሙ ውስጥ መቆሟ ራሱ አይሆንም። ሴት የሚገባበት ዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ላይ ያሉት ናቸው፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም። እዚያም ቢሆን የፍቅር ትዕይንት ገዳም ቅጥር ውስጥ አታድርጊ፤ ከወደቡ ወደ ላይ የሚወስደው የቡና ጫካ መንገድ አለልሽ። በነገራችን ላይ ክልከላውን ራሱን መጠቀም ይቻላል፤ እሱ ስእለት ሊያደርስ ይገባል፣ እሷ ጀልባው ላይ ቀርታ ከጀልባ ነጂው ጋር ታወራለች፣ ስለ እሱ የማታውቀውን ከሌላ አፍ ትሰማለች። ከስልኩ ይሻላል።

ስለ ታንኳ። ታንኳው የሚሠራበት ደንገል ውሃ ይጠጣል። ጠዋት ደርቆ ቢጫ የነበረው ከሰዓት በኋላ ይጠቁራል፣ ዝቅ ብሎም ይንሳፈፋል። አንዱን ሾት ጠዋት፣ ሌላውን ማታ ብታነሺ ኤዲቲንግ ላይ ሁለት የተለያየ ታንኳ ይመስላል። ስለዚህ እኩያ የሆኑ ሁለት ታንኳዎች ያዢ፤ አንዱ ውሃ ላይ ሲሆን ሌላው ዳር ላይ ቆሞ ይድረቅ። ሁለት ሰው ከተቀመጠበት መቅዘፊያውን የሚይዘው የሚያውቅ ሰው ይሁን፤ ተዋናዩ አይቅዘፍ። ክሎዝ አፕ (ከቅርብ የሚነሣ ሾት) ላይ ቀዛፊው ከፍሬም ውጪ ከኋላ ሊሆን ይችላል፤ ዋይድ (ሰፊ ሾት) ላይ የተዋናዩን ሸሚዝ አልብሰሽ ቀዛፊውን ከሩቅ አንሺው። የሕይወት መከላከያ ጃኬት በጋቢ ስር ይገባል፣ የሞተር ጀልባ ደግሞ ሞተሩ ጠፍቶ ከፍሬም ውጪ ይቁም።

ሐይቁ ጠዋት ይተኛል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል። የውሃ ላይ ንግግር ያለበት ሁሉ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ይጠናቀቅ። ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት በኩል ጉማሬ አለ፤ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ሲመሽ ቆሞ መቅረጽ የለም።

ሃምሳ ሚሊ

ባለደንገል የዘለላትን ልጨምር፤ «ፀሐይ ጣና ውስጥ ስትጠልቅ»። ከተማው ከሐይቁ በስተደቡብ ነው፣ ከዳርቻው ቆመሽ ሐይቁን ስታዪ ፊትሽ ወደ ሰሜን ነው። ጥር ላይ ደግሞ ፀሐይ ወደ ደቡብ ያዘነበለች ስለሆነች የምትጠልቀው ከምዕራብ ትንሽ ወደ ደቡብ ብላ ነው። ከመናፈሻው ቁጭ ብለው «ውሃው ውስጥ ስትገባ» ማየት አይችሉም፤ ከግራቸው፣ ከሕንፃና ከዛፍ ኋላ ትጠፋለች። ውሃ ላይ የምትወርድ ፀሐይ ከፈለግሽ ጀልባ ይዘሽ ወጥተሽ ወደ ምዕራብ ማዞር ነው። ያ ደግሞ ነፋሱ ያለበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ንጋት አድርጊው። ጥር ላይ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ ነው፤ ውሃው ጸጥ ያለ፣ ድምፁ ንጹሕ ነው። ሁለት ሰው ንጋት ላይ አብሮ ለመገኘትም ምክንያት ይኖራቸዋል፦ ከዘጌ ጌሾ ወይም ቡና ጭኖ መመለስ፣ ምንም ሊሆን ይችላል።

የከተማው ዳርቻ ለፊት ቀረጻ ጥሩ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ፀሐይ ከካሜራው ኋላ፣ ሐይቁ ከተዋናዩ ኋላ። እኩለ ቀን ላይ ግን ዓይን ስር ጥላ ይጥላል፤ ነጭ ሪፍሌክተር ከታች ያዢ።

ነጭ ልብስ፦ ሐበሻ ቀሚስ፣ ነጠላ፣ ቬሎ፣ የድንኳን ጨርቅ፤ ሁሉም ነጭ ነው። ብርሃኑን በልብሱ ለኪ፣ ፊቱን በኋላ አንሺው። የልብሱ ጥለትና ሽመና አንዴ በብርሃን ነድዶ ከጠፋ በኤዲቲንግ አይመለስም። ሰማያዊ ሸራ ድንኳን አትከራዪ፤ የሰዉን ፊት ሁሉ የታመመ ያስመስላል። ካሜራው 25 ፍሬም፣ ሹተር 1/50 ይሁን። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በሌላ ልክ ከቀረጽሽ የድግስ ቤቱ አምፖል ይርገበገባል። ድሮን ያለ ፈቃድ አይነሣም፤ ፈቃዱ ሳይያዝ ስክሪፕት ላይ የሰማይ ሾት አትጻፊ።

ጢስ ዓባይን ሰርዢው። ፏፏቴው ሞልቶ የሚታየው ከነሐሴ እስከ መስከረም አካባቢ ነው። ጥር ላይ ወንዙ ቀንሷል፣ ከቀረውም ለኃይል ማመንጫው ይወሰዳል። የክረምቱን ምስል ከጥር ሠርግ ጋር ብትቀጥዪው ዳር ያለው ሣር ራሱ ያጋልጥሻል።

የጓዳ እመቤት

ኤዲተሩ «የሚያሳፍረውን የሚያውቅ» ያለው እኔን ከሆነ እሺ ልናገር። ሠርግ ላይ የሚያሳፍረው ጠላ ነው ልጄ። ኬኩን ማን ያስታውሰዋል።

ስክሪፕትሽ የሁለት ሳምንት ታሪክ ከሆነ ጠላ ልክ የዚያን ያህል ነው የሚፈጀው። መጀመሪያ ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። ከዚያ ጥንስስ፦ የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል በውሃ፣ 2 ወይም 3 ቀን። ብቅልና ቂጣ ተቆርሶ ይገባበታል፣ እንደገና 2 ቀን ያህል። ቀጥሎ ድፍድፍ፦ እንኩሮው (በውሃ ተለውሶ ምጣድ ላይ የታመሰው ዱቄት) ከደቃቅ ጌሾ ጋር ይገባና ታሽጎ ሳምንት ገደማ ይቀመጣል። ድፍድፍ ሆኖ ሲቆይ ችግር የለበትም፣ እንዲያውም ይበስላል። በመጨረሻ ውሃ ይሞላበታል፣ ይከደናል፣ በ2 ወይም በ3 ቀን ይጠራል። ውሃ አንዴ ከገባ ግን ሰዓቱ መቁጠር ጀመረ። ጋኑ ሲከፈት ሲዘጋ ከሰነበተ ይኮመጥጣል።

ስሕተቱ እዚህ ጋ ይግባ። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ላይ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ነው፣ ይሞቃል። አዘጋጇ ቀኑን ሁሉ በወረቀት ደልድላ መጥታለች፣ የአዲስ አበባውን ልክ። እናትየዋ «ገና ነው፣ ቆዪ» ሲሏት «ፕሮግራሙ ይላል» ብላ ውሃው ሐሙስ መግባት ሲገባው ሰኞ ታስገባለች። ቅዳሜ ጠዋት ጋኑ ሲከፈት ኮምጣጤ ነው። ሠርጉ እሑድ፣ ሰኞ ጾም። 70ኛው ደቂቃሽ ይኸው። ስልክ አያስፈልግም፣ ማንም ማንንም አልዋሸ፤ ጥፋቱ የራሷ ነው፣ ያዋረደቻቸውም እናት ደግ ናቸው። አዲስ ለመጥመቅ ቀን የለም። ያለው መንገድ አንድ ነው፦ የጠራ ጠላ ከጎረቤት፣ ከዘመድ፣ ከሐይቁ ማዶ እየለመኑ መሰብሰብ። ሚዜው ጀልባ አለው አይደል?

ኤዲተሩ

እትዬ፣ ፊልሙን ጨረሱት። ግዮን፣ ይህን ከያዝሽ ጥንስሱን በመጀመሪያው ክፍል አሳዪ፤ ሳታብራሪ። ድፍድፉ ሲገባ መሀል ላይ፣ ውሃው 55ኛው ደቂቃ አካባቢ። ተመልካቹ ከእሷ በፊት ይወቅ። ቤቱ ያሉ እናቶች «ኧረ አታስገቢ!» ብለው ቴሌቪዥኑን ሲቆጡ ማስታወቂያ ይግባ።

ግዮን

እትዬ እግዜር ይስጥልኝ፣ ኬኩ ወጥቷል። ክብራንና ጢስ ዓባይም ወጥተዋል፣ ንጋቱ ገብቷል። የቀሩ ሁለት ጥያቄዎች፦ መሳሳሙ ለቤተሰብ ሰዓት ከብዷል ተብሏል፣ በምን ይተካ? ጉርሻ አስቤ ነበር። ሌላው፣ እሷ የሙሽሪት ወገን፣ እሱ የሙሽራው ወገን ሆነው እንዴት በየቀኑ ይገናኛሉ?

ዲያቆኑ

ግንባር መሳም ይበቃል። ጉርሻም መልካም ነው፣ የእኛ ነው።

ሃምሳ ሚሊ

ጉርሻ የዘይት ማስታወቂያ ሁሉ ጨርሶታል። ደግሞ ክሎዝ አፕ ላይ አፍና ጣት ነው የሚታየው፤ ወጡ ይንጠባጠባል፣ ተዋናዩ ስድስት ጊዜ ይጎርሳል፣ በሰባተኛው ፊቱ ላይ ፍቅር አይኖርም።

የጓዳ እመቤት

በሩ አለላችሁ እኮ! ሠርገኛው ሲመጣ የሙሽሪት እህቶችና ጓደኞች «አናስገባም» ብለው በር ይዘጋሉ። ሚዜዎቹ ሽቶ ይረጫሉ፣ ይለምናሉ፣ ይከራከራሉ። እሷን አንዷ እህት እጇን ይዛ ከውስጥ ታሰልፋት፤ እሱ አንደኛ ሚዜ ስለሆነ መከራከሩ የእሱ ሥራ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲያዛት የከረመው ሰው አሁን በሰው ሁሉ ፊት እሷን ይለምናል። ዘፈኑ ሳይቋረጥ ሁለቱ ብቻ የሚገባቸውን ነገር ይነጋገራሉ። ከዚያ ወዲያ ምን መሳም ያስፈልጋል?

ለመገናኘቱማ ሁለቱን ቤት የሚያገናኘው ሚዜ ነው። ጥሎሹ መቼ እንደሚመጣ፣ አጃቢ መኪና ስንት እንደሆነ፣ ሠርገኛው ስንት ሰው እንደሚያመጣ፤ ይህን የሚጠይቅና የሚመልስ ሰው ያስፈልጋል። «40 ነን» ብለው 90 ሆነው መምጣታቸው ጠብ ነው፤ እንጀራው የሚጋገረው በተነገረው ቁጥር ነው። የመጀመሪያ ጠባቸውን እዚያ ላይ አድርጊው። መልሱና ቅልቅሉም ገና አለ፤ ፊልሙ ባያሳያቸውም በንግግር ይነሡ።

ሃምሳ ሚሊ

የበሩን ትዕይንት ድምፅ ካልተዘጋጃችሁበት ያበላሻችኋል። ዘፈኑንና ከበሮውን መጀመሪያ ለብቻ ሙሉውን ቅረጹ። ከዚያ ሁለቱ ሲናገሩ ሌላው ሰው አፉን እያንቀሳቀሰ እጁን ሳያገጣጥም ያጨብጭብ፤ የሚሰማው የሁለቱ ድምፅ ብቻ ይሁን። ምት እንዳይጠፋ ለአንዱ ከበሮ መቺ በጆሮ ማዳመጫ ዘፈኑን ስጡት፣ ሰዉ ትከሻውን እያየ ይከተል። ከሁለቱም ወገን፣ ከበሩ ውስጥና ከውጪ፣ ለየብቻ ሙሉውን አንሡ። ጄኔሬተሩ ከግቢው ውጪ፣ ከአጥር ኋላ።

ለድንኳኑ 300 ሰው አትሰብስቢ። 40 ሰው በሦስት ረድፍ፣ 85 ሚሊ ሌንስ፣ ከፊት የሚያልፉ ሁለት አሳላፊዎች ካሉ ሙሉ ይመስላል። ሰዉን ለሁለተኛው ሾት ነጠላና ኮት አለዋውጪና ወደ ሌላው ጥግ አዛውሪ። ዋይዱን አንድ ጊዜ ብቻ።

ኤዲተሩ

መቼ ትቀርጫለሽ? ጥር ላይ ከሆነ ድንኳን፣ ወንበር፣ ወጥ ሠሪ፣ ዲኮር ሁሉ በእውነተኛ ሠርግ ተይዟል፤ የመኪና ጥሩምባውም ቅዳሜና እሑድ ድምፅ አያስቀርጽም። መጋቢት ላይ፣ ዐቢይ ጾም ውስጥ ቅረጪ፤ ዕቃው ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፣ ዋጋውም ይደራደራል። አሜሪካኖቹም የገና ፊልማቸውን በበጋ ሙቀት በሐሰተኛ በረዶ ነው የሚቀርጹት፤ ወቅት ማስመሰል የሥራው አካል ነው። ሐይቁ ዳር መጋቢትም አረንጓዴ ነው፤ ከውሃው የራቀ ሜዳ ብቻ አታሳዪ።

ዲያቆኑ

በጾም ሥጋ ወጥ ማን ሊበላልሽ ነው? ተሰላፊው ግማሹ ጿሚ ነው፤ ከእነሱም ቅዳሴ ቆይተው ከሰዓት በኋላ የሚበሉ አሉ።

የጓዳ እመቤት

የሽምብራ ዓሣ ሥሪ። ሊጡ በትልቁ ተቆርጦ በቀይ ወጥ ውስጥ ሲገባ ካሜራ ላይ ከሥጋ ማን ይለየዋል። ሽንኩርቱ በደንብ ይቁላላ፣ ዘይቱ ላይ ይንሳፈፍ፤ ቅባት የሌለው ወጥ በመብራት ስር አቧራ ይመስላል። በየግማሽ ሰዓቱ ትኩስ ዘይት ጠብ እያረጉ ማደስ ነው። እንጀራው ጠርዙ ይደርቃል፤ መሶቡን ክዳኑ ተከድኖ አስቀምጠው ካሜራው ሲነሣ ብቻ ይክፈቱ፣ ለአንድ ትዕይንት ቢያንስ ሦስት ለውጥ ይኑር። ጿሚ ያልሆነውን ከፊት አስቀምጪ፣ ጿሚው ከኋላ ብርጭቆ ይያዝ።

ጠላውንም እውነተኛ አታድርጊው፤ እስከ ማታ ሰባት ጊዜ የሚነሣ ትዕይንት ላይ ተሰላፊው ይሰክራል። በምትኩ ቀጭን ብርዝ ይሁንና ትንሽ የተቃጠለ ብቅል ለቀለም ይግባበት። ድፍድፉ ግን እውነተኛ ይሁን። ከቀረጻው ከሦስት ሳምንት በፊት ጀምሮ ለሦስት ደረጃ ሦስት እንስራ በተለያየ ቀን ይጀመር፦ አንዱ ጥንስስ፣ አንዱ ድፍድፍ፣ አንዱ የኮመጠጠ። እናትየዋን የምትጫወተው ተዋናይት እንኩሮ የማመስ እጅ ከሌላት የሌላ ሰው እጅ በክሎዝ አፕ አንሡ፣ እሷ ፊቷ ብቻ ይታይ። እንኩሮ የሚያሳብቀው እጅ ነው።

ግዮን

እሺ። ሦስቱ እንስራ ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ በየተራ ይጀመራሉ። እትዬ፣ ሦስተኛውን ለማኮምጠጥ ምን ያህል ቀደም ብሎ ውሃ ይግባበት?

የጓዳ እመቤት

ከቀረጻው 10 ቀን በፊት አስገቢበት፣ በየቀኑ እየከፈትሽ ቅመሺው፣ ፀሐይ የሚነካው ቦታ አስቀምጪው። የመጋቢት ሙቀት ቀሪውን ይሠራል። ከድፍድፉ አርቂው ብቻ።